የፈሩት ይደርሳልን? የአፓላቺያን የእግር ጎዳና፣ ሥጋትና ፊዚክስ

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይላሉ አበው። አባባሉ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ይታየናል። የፈራነው ነገር በደረሰ ጊዜ «ብዬ ነበር» እንላለን፤ ሳይደርስ በቀረ ጊዜ ግን መፍራታችንን እንኳ እንረሳዋለን። ከዚህ የተነሣ አእምሯችን የሚመዘግበው የተፈጸመውን ሥጋት ብቻ ይሆናል። ይሁንና አደጋን እንደ ማንኛውም የተፈጥሮ ክሥተት በቁጥር ስንመረምረው ሌላ መልክ ይዞ እናገኘዋለን፤ ብዙውን ጊዜ በሰው ላይ የሚደርሰው የፈራው ሳይሆን መፍራትን ያላሰበው ነገር ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ከሚሆኑት አንዱ በዓለም ላይ ከታወቁት ረጅም የእግር ጉዞ መሥመሮች መካከል የሆነው የአሜሪካ የአፓላቺያን የእግር ጎዳና ነው። ስለዚህ ጎዳና ሕዝብ ያለው አስተያየትና በጎዳናው ላይ በእርግጥ የሚደርሰው አደጋ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መረዳት ለተራራ ተጓዥ ብቻ ሳይሆን፣ ስለ በሽታ፣ ስለ መኪና አደጋ ወይም ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ በየዕለቱ ውሳኔ ለሚሰጥ ዜጋ ሁሉ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎዳናው

የአፓላቺያን ጎዳና በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በተዘረጋው የተራሮች ሰንሰለት ላይ የሚያልፍ ሲሆን፣ በደቡብ በጆርጂያ ግዛት ከሚገኘው የስፕሪንገር ተራራ ተነሥቶ 14 ግዛቶችን ካቋረጠ በኋላ በሰሜን በሜይን ግዛት በካታዲን ተራራ አናት ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ በአየር ካለው ርቀት በእጅጉ ይበልጣል። መንገዱን ለተጓዡ የሚያመለክቱት በዛፍና በድንጋይ ላይ የተቀቡ፣ 5 ሳንቲ ሜትር በ15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ነጭ ምልክቶች ናቸው።

ሐሳቡን በ1921 ያመነጨው ቤንተን መኬይ የተባለ የደን ባለሙያ ነበር። ጎዳናው በ1937 ተጠናቀቀ። በ1948 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው ኧርል ሼፈር ጎዳናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጉዞ በመጨረስ የመጀመሪያው ሰው ሆኖ ተመዘገበ። በ1955 ደግሞ ኤማ ጌትውድ የተባሉ የ67 ዓመት አሮጊት ሸራ ጫማ ተጫምተውና ጥቂት ዕቃ በከረጢት አንጠልጥለው ብቻቸውን ጨረሱት። በ1968 የወጣ ሕግ ጎዳናውን በመንግሥት ጥበቃ ሥር አደረገው።

ዛሬ በዓመት ሦስት ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ቢያንስ በከፊል ይጓዙበታል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ለአንድ ቀን ወይም ለጥቂት ቀናት የሚመጡ ናቸው። ሙሉውን ለመጨረስ የሚነሡት በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ጉዞው ከአምስት እስከ ሰባት ወር ይወስድባቸዋል፤ የሚሳካላቸውም ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። ጎዳናው ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ከተማ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ በማይሞላ ርቀት በሐርፐርስ ፌሪ በኩል ያልፋል፤ በቨርጂኒያ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

ሕዝብ የሚፈራው

ስለዚህ ጎዳና ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፤ አንደኛው ስለ ነፍሰ ገዳይ፣ ሁለተኛው ስለ ድብ ነው። ይህ ጸሐፊ ለትምህርት በአሜሪካ በነበረበት ዘመን ወደ ሸናንዶዋ ለመሄድ መነሣቱን የሰሙ አክስቱ፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው አገር አቋርጦ ተምሮ፣ በመጨረሻ የድብ ራት ይሆናል?» ብለው አጥብቀው ተቆጥተውት ነበር። ወደዚያ ለመድረስ በአውራ ጎዳና ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚደረገው የመኪና ጉዞ ግን ማንም አንዳች ነገር አልተናገረም። በዚያች አገር በቅርብ ዓመታት በመኪና አደጋ የሚሞተው ሰው በዓመት 40,000 ያህል ነው።

በመጀመሪያ ድቡን እንመልከት። በአፓላቺያን ተራሮች የሚኖረው ጥቁር ድብ የተባለው ዝርያ ነው። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ከ1900 እስከ 2009 ባሉት 110 ዓመታት በመላው አሜሪካና ካናዳ በዱር ጥቁር ድቦች የተገደሉትን ሰዎች ቆጥሮ 63 ሆነው አግኝቷቸዋል። ይህ ለሁለት ሰፊ አገሮች በሁለት ዓመት አንድ ሰው ያህል መሆኑ ነው። ድብ በጎዳናው ላይ የሚያስከትለው የተለመደ ጉዳት የተጓዡን ስንቅ መዝረፍ ነው።

የነፍስ ግድያው ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ በእርግጥ የደረሰ ነገር ነውና። ከ1974 ወዲህ በጎዳናውና በአካባቢው የተገደሉት ሰዎች፣ እንደ አቆጣጠሩ ስልት፣ ከ10 እስከ 15 ይሆናሉ። በ1996 በሸናንዶዋ ፓርክ ሁለት ወጣት ሴቶች በሠፈሩበት መገደላቸው አገሩን ሁሉ ያስደነገጠ ሲሆን፣ ወንጀሉን የፈጸመውን ሰው ማንነት የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ አረጋግጦ ያስታወቀው በ2024 ነው። ግለሰቡ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም። ሃያ ስምንት ዓመት መልስ ያጣ ጥያቄ በብዙ ሴቶች ልብ ውስጥ ፍርሃትን መትከሉ አያስደንቅም።

አሁን ወደ ስሌት እንግባ። ባለፉት 50 ዓመታት በአማካይ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ጉብኝት ተደርጓል ብንል በጠቅላላው 100 ሚሊዮን ይሆናል። ከፍተኛውን ቁጥር 15ን ወስደን ለዚህ ብናካፍል፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ጉብኝት አንድ ግድያ እናገኛለን። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ቆመው «ጎዳናው እጅግ ሰላማዊ ነው» ይላሉ። ነገር ግን አካፋዩ ትክክል ነውን? የግማሽ ቀን ጎብኚና የስድስት ወር ተጓዥ እኩል እንደ «አንድ ጉብኝት» ሊቆጠሩ አይገባም። ስለዚህ አካፋዩ ቀን ይሁን። ሁሉም ጉብኝት የአንድ ቀን ብቻ ነበር ብለን አደጋውን ሆን ብለን ብናጋንነው፣ በአንድ ቀን ያለው የመገደል ዕድል 0.15 በሚሊዮን ይሆናል። ለስድስት ወር ተጓዥ ይህን በ180 ቀን ብናበዛው 27 በሚሊዮን ይደርሳል።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? በመላው አሜሪካ በነፍስ ግድያ የሚሞተው ሰው በዓመት ከ100,000 ሰው 5 ያህል ነው፤ ይህም በስድስት ወር 25 በሚሊዮን ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሊባሉ የሚችሉ ናቸው። ብዙ ጎብኚዎች ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆዩ የጎዳናው እውነተኛ ቁጥር ከዚህ ያነሰ እንደሚሆን ግልጽ ነው። እንግዲህ ትክክለኛው መደምደሚያ «በጫካው ክፉ ሰው የለም» የሚል ሳይሆን፣ «ክፉ ሰው በጫካው ከከተማው አይበዛም» የሚል ይሆናል። ይህ አማካይ ስሌት መሆኑንም መዘንጋት አይገባም፤ ለወንድና ለሴት፣ ለብቸኛና ለባለ ጓደኛ ተጓዥ አንድ ዓይነት ነው ማለት አይደለም።

ፍርሃት ለምን እንዲህ ያዳላል?

የዚህ ጥያቄ ጥናት ከኑክሌር ኃይል ክርክር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1969 ቾንሲ ስታር የተባለው መሐንዲስ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ የሚገቡበትን አደጋ በሌላ ሰው ከሚጫንባቸው አደጋ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል አብልጠው እንደሚቀበሉ ገመተ። መሪውን ራሳችን ስለጨበጥን መኪና አያስፈራንም፤ ነፍሰ ገዳይ ግን ፈቃዳችንን አይጠይቅም።

በ1973 የሥነ ልቡና ሊቃውንቱ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን፣ ሰው አንድ ነገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ የሚገምተው ምሳሌው በቀላሉ ወደ አእምሮው በመምጣቱ መሆኑን አመለከቱ። በ1978 ሣራ ሊክተንስታይንና ባልደረቦቿ የሞት ምክንያቶችን ሰዎች እንዲገምቱ ባደረጉ ጊዜ፣ ነፍስ ግድያንና አውሎ ነፋስን አብዝተው፣ ስኳር በሽታንና አስምን አሳንሰው ገመቱ። ከባልደረቦቹ አንዱ የሆነው ፖል ስሎቪክ በ1987 ባወጣው ጽሑፍ ሥጋት በሁለት ዋና መለኪያዎች እንደሚጎላ ዘረዘረ፤ አንዱ አስፈሪነቱ፣ ሌላው እንግዳነቱ ነው። ጨለማ ጫካ፣ የማይታወቅ ሰው፣ አውሬ፤ እነዚህ ሁሉ በሁለቱም መለኪያ ከፍ ብለው ይገኛሉ። የረጠበ ሸሚዝ ግን በሁለቱም ዜሮ ነው። የሚገድለው ግን የረጠበው ሸሚዝ ነው።

የረጠበ ሸሚዝ ፊዚክስ

ሰውነታችን 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ውስጣዊ ሙቀት ይጠብቃል። ይህ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሐይፖተርሚያ የሚሉት ሁኔታ ይጀምራል፤ መንቀጥቀጥ፣ የንግግር መንተባተብ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የማመዛዘን መዳከም ይከተላል። አደጋውን ሊያውቅ የሚገባው አእምሮ ራሱ ቀድሞ ይደነዝዛል።

ውኃ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከአየር 25 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የልብስ ሙቀት ሰጪነት በክሮቹ መካከል ካለው የታመቀ አየር ስለሚመጣ፣ ልብሱ ሲርስ አየሩን ውኃ ይተካውና ጥቅሙ ይጠፋል። በዚያ ላይ ትነት አለ። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ለመትነን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ የጥጥ ልብስ በተጓዥ ገላ ላይ ቢደርቅና ሙቀቱን በሙሉ ከሰውነት ቢወስድ፣ 1.2 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ያረፈ ሰው በሴኮንድ የሚያመነጨው 100 ጁል ያህል ነው። እንግዲህ ያ ልብስ የሰውየውን ከሦስት ሰዓት በላይ የሆነ ሙቀት በላ ማለት ነው።

ነፋስ ይህን ያባብሰዋል። አሜሪካና ካናዳ በ2001 ባሻሻሉት ቀመር መሠረት፣ የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፣ የተጋለጠ ገላ ቅዝቃዜውን ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ የሆነ ያህል ይሰማዋል። ጎዳናው በኒው ሃምፕሸር ግዛት የሚያልፍበት የዋሽንግተን ተራራ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ከፍታው 1,917 ሜትር ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ እንኳ ያንሳል። ሆኖም በሚያዝያ 1934 በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የተመዘገበበት ሲሆን፣ በእርሱና በአካባቢው ባሉት ተራሮች ከ1849 ወዲህ ከ150 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህ መካከል በበጋ ወራት በብርድ የሞቱ ይገኛሉ። ከታች በሸሚዝ የተነሣ ሰው ከላይ ክረምት ይጠብቀዋል።

ውኃና መብረቅ

ወራጅ ውኃ በቆመ ሰው ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ቀጥተኛ ወደረኛ ነው። አንድ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቷል እንበል። ለውኃው የተጋለጠው የእግሮቹ ስፋት 0.3 ሜትር ስኩዌር ያህል ቢሆንና ውኃው በሴኮንድ አንድ ሜትር ቢፈስ፣ የሚገፋው ጉልበት 150 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ ሁለት ሜትር ሲሆን ግን 600 ኒውተን ይደርሳል። በሌላ በኩል ውኃው ሰውየውን ወደ ላይ ስለሚያነሣው፣ እግሩ በወንዙ ወለል ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በሰበቃ ተቋቁሞ ሊቆም የሚችለው 170 ኒውተን ያህል ለሆነ ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ሜትር ፍጥነት በጭንቅ ይቆማል፤ በሁለት ሜትር ይወሰዳል። ዋናተኛ መሆኑ ይህን ስሌት አይለውጠውም።

በሜይን ግዛት ያለው የኬኔቤክ ወንዝ ከላዩ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድቦች ስላሉት ውኃው በድንገት ይሞላል። በ1985 ጎዳናውን ትጓዝ የነበረች ሴት በመሻገር ላይ ሳለች ሰጠመች። ከ1987 ጀምሮ ተጓዦችን ያለ ክፍያ የሚያሻግር ታንኳ ተመደበ፤ ነጩ የመንገድ ምልክትም በታንኳው ወለል ላይ ተቀባ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ሕጋዊው ጎዳና በእግር ሳይሆን በታንኳው ላይ ነው። በመስከረም 2024 የደረሰው ሄሊን የተባለው ማዕበል በደቡባዊው ክፍል ድልድዮችን ጠርጎና ዛፎችን ጥሎ ጎዳናውን በብዙ ቦታ የዘጋውም በውኃና በነፋስ ጉልበት ነበር።

መብረቅ በተራራ ጫፍ ላይ ለሚጓዝ ሰው ሌላው እውነተኛ አደጋ ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለውን ሴኮንድ ቆጥረን ለሦስት ብናካፍለው ርቀቱን በኪሎ ሜትር እናገኛለን፤ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛልና። ቁጥሩ ከ30 ሴኮንድ ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስለሆነ ወዲያውኑ ከከፍታው መውረድ ይገባል። ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ስሕተት ነው። ኮረንቲው በመሬት ላይ ሲሰራጭ በሁለት እግሮች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጥራል። የፊትና የኋላ እግሮቻቸው የተራራቁት ከብቶች በእኛም አገር ደጋ በአንድ መብረቅ በመንጋ የሚሞቱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መንገድ መሳትና መዥገር

በ2013 በሜይን ጫካ አንዲት ተጓዥ ከጎዳናው ጥቂት ፈቀቅ ብላ መመለሻው ጠፋት። በሞባይል ስልኳ የላከቻቸው መልእክቶች የስልክ ሞገድ ባለመኖሩ አልደረሱም። ለብዙ ቀናት በድንኳኗ ውስጥ በሕይወት ብትቆይም የተገኘው አስከሬኗ ነበር፤ ያውም በ2015፣ ከጎዳናው ብዙም ሳይርቅ። የሞባይል ስልክ ሞገድ ከሞላ ጎደል በቀጥታ መሥመር ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። በ2009 በጀርመን ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ሰዎች ፀሐይ በማይታይበት ጫካ ውስጥ ቀጥ ብለው የሚሄዱ እየመሰላቸው በክብ እንደሚዞሩ አሳይቷል። ስለዚህ መንገድ የሳተ ሰው መቆም፣ በሚታይበት ቦታ መቆየትና በፉጨት ምልክት መስጠት ይሻለዋል። ከመነሻው ካርታ፣ ኮምፓስና ፊሽካ መያዝ፣ መመለሻውንም ለሰው መንገር ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

በመጨረሻ ከድቡ ይልቅ ልንፈራው የሚገባን ፍጡር እንጠቅሳለን፤ እርሱም መዥገር ነው። በጎዳናው ሰሜናዊ ግማሽ በብዛት የምትገኝ አንዲት የመዥገር ዝርያ ላይም የተባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። በሽታው ሳይታከም ቢቆይ መገጣጠሚያን፣ ነርቭንና ልብን ይጎዳል። በአሜሪካ በዓመት 476,000 ያህል ሰዎች ለዚህ በሽታ እንደሚታከሙ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይገምታል። መዥገሯ ባለፍሬዋን ጤፍ ብታህል ነው። ብዙውን ጊዜ በሽታውን የምታስተላልፈው ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ ስትቆይ ስለሆነ፣ ማታ ማታ ገላን መፈተሽ ብቻ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ውድ አንባቢያን፣ ጎዳናው ያለው በሩቅ አገር ቢሆንም ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክንና የባሌን ሳነቴ ለመጎብኘት የሚሄዱ ተማሪዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። ወላጅ ልጁን ሲሸኝ ስለ ጅብና ስለ ሽፍታ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለ አካባቢው ጸጥታ ከሚመለከታቸውና ከነዋሪው አጣርቶ መነሣት ግዴታ ነው። ነገር ግን ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ 2,000 ሜትር ወደ ላይ የሚወጣ ሰው፣ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ 13 ዲግሪ የሚበልጥ ቅዝቃዜ እንደሚጠብቀው ስንቱ ያስባል? በከረጢቱ ደረቅ ቅያሪ ልብስ አለ ወይ ብሎስ የሚጠይቅ ማን ነው?

የተሳሳተ ፍርሃት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። በአንድ በኩል ሊሄዱ የሚገባቸውን፣ በተለይም ሴቶች እኅቶቻችንን፣ ከተራራው ውበትና ከመስክ ጥናት ያስቀራቸዋል። በሌላ በኩል የሄዱትን ዓይናቸውን ወደ ጫካው ጨለማ እያስመለከተ፣ ከኋላቸው የሚመጣውን ደመና እንዳያዩ ያደርጋቸዋል። ሳይንስ አትፍሩ አይለንም። ፍርሃታችንን በልክ እንድናከፋፍል፣ ለእያንዳንዱ ሥጋትም «ከስንቱ ስንት? በስንት ቀን?» ብለን እንድንጠይቅ ያስተምረናል። ይህን የጠየቀ ተጓዥ ከድቡ ይልቅ ስለ ዝናብ ልብሱ ያስባል፤ ወንዙ ከሞላም እስኪጎድል ተቀምጦ ይጠብቃል።